ሰባ አምስት ኢንች

"ከዚህ የሚበልጥ የላችሁም?" አሉ ክቡርነታቸው።

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ስልሳ አምስት ኢንቹን ቴሌቪዥን አቅፈውታል፤ የጣቶቻቸው ጫፍ በግራም በቀኝም ከጠርዙ አልፎ ይታያል። ያናደዳቸውም ይኸው ነው። እሳቸው የፈለጉት እጃቸው የማያቅፈውን ነበር።

"ለእርስዎማ ሰባ አምስት አለ ጌታዬ" አለ ሻጩ። ሞኝ ከሩቅ የሚሸተው፣ በሸተተው ቁጥርም ይበልጥ ትሑት የሚሆን ዓይነት ሰው ነው። "ትልቅ ሳሎን ግን ይፈልጋል። የቤትዎ ሳሎን..."

"ቤት አይደለም። መኪና ውስጥ ነው የሚሰቀለው።"

ሻጩ የደረሰኝ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ "በጣም ጥሩ!" አለ።

መኪናቸው ከምትሠራበት ጋራዥ አብሯቸው የመጣው ኤሌክትሪሻን ከኋላቸው ቆሟል። አንዲት ሠላሳ ሁለት ኢንች ቴሌቪዥን በብብቱ ይዟል፤ ለመኪና ተብላ የተሠራች፣ ከመኪናው ባትሪ በቀጥታ የምትሠራ፣ ክብደቷ አምስት ኪሎ የማይሞላ። ይህንኑ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ነግሯቸዋል፤ መንገድ ላይም ነግሯቸዋል። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ።

"ጌታዬ፣ ያኛው ሠላሳ አምስት ኪሎ ይመዝናል። የመኪናዋ ግድግዳ ደግሞ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው። ባትሪውንም በሁለት ሰዓት ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ይቺ ግን..."

ክቡርነታቸው ዞር ብለው ትንሿን ቴሌቪዥን ከላይ እስከ ታች ገረመሟት።

"ይሄ ቴሌቪዥን ነው ስልክ?"

ሻጩ ሳቀ። መሳቅ ሥራው ነው።

ክቡርነታቸው የሚለውን ስም ያወጡላቸው የጋራዡ ሠራተኞች ናቸው። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ሲመሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ትተውት የሄዱት ነገር ቢፈለግ አንድ አሳንሰር ይገኛል፤ እሱም እሳቸው ብቻ የሚሳፈሩበት ነበር። ባለጉዳይ ሁሉ ስድስት ፎቅ በእግሩ ሲወጣ የከረመው የእሳቸው ትከሻ ከሰው ትከሻ ጋር እንዳይነካካ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚያጣው ሥራውን አይደለም፤ ሥራማ ድሮም አልነበረውም። የሚያጣው ሲገባ ብድግ የሚልለትን ሰው ነው። ብድግ የሚልለት ሲያጣ ዕቃ ይገዛል።

የገዙትም ዕቃ ቤት መኪና ነው፤ አልጋ፣ ማድቤትና ሽንት ቤት ውስጧ የተሠራላት፣ አውቶቡስ የምታህል ነጭ መኪና። ምክትላቸው የነበረው ሰው እንዲህ ያለች ገዝቶ ነበርና እሳቸው በግማሽ ሜትር የምትረዝመውን ገዙ። ምክትልየው በመኪናው ውስጥ ስልሳ አምስት ኢንች ሰቅሏል። የዛሬው ጉዳይ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

መኪናዋ የተገዛችው ደግሞ የእናታቸው ቤት ተሸጦ ነው። "እናቴን ከእንግዲህ ዓለም አሳያታለሁ" ብለው ነበር ክቡርነታቸው ለዘመድ ሁሉ፤ ዘመድም አጨበጨበ። የሰማንያ አራት ዓመቷ እናት አላጨበጨቡም፤ አልተቃወሙምም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ዝናብ መዝነቡን ከደዋይ አፍ እየሰሙ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። "አልጋዬ ከመስኮት ሥር ይሁን" አሉ። "ሌላ ምንም አልፈልግም።" ልጃቸውም "ይሄማ ምን ችግር አለው!" ብለው ቃል ገቡ። በመኪናዋ የኋላ ግድግዳ ላይ ያለው ሰፊ መስኮት፣ ከሥሩ ካለው አልጋ ጋር፣ የእናትየዋ ሆነ።

"ሰባ አምስቱን ጠቅልልልኝ" አሉ ክቡርነታቸው።

"የትኛው ግድግዳ ላይ ነው የምንሰቅለው ጌታዬ?" ሲል ጠየቀ ኤሌክትሪሻኑ።

"እሱ ያንተ ሥራ ነው። እኔ የማውቀው መግዛቱን ነው።"

ይህ በሕይወታቸው የተናገሩት ብቸኛ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ጋራዡ ሲደርሱ ቴሌቪዥኑ በበሩ አልገባም አለ። የመኪናዋ በር ጠባብ ነው፤ ገና ደረጃውን እንደወጡ ደግሞ የማድቤቱ ቁም ሳጥን አፍንጫ ላይ ይቆማል። ሰው ከሆነ ሆዱን ሰብስቦ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ አንድ ሜትር ከሰባ የሚሆን መስታወት ግን የሚሰበስበው ሆድ የለውም። ኤሌክትሪሻኑና የግቢው በያጅ አቆሙት፣ አጋደሙት፣ አዘነበሉት። ክቡርነታቸው ከታች ሆነው እንደ ትራፊክ እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

"ወደ ግራ! ግራ አልኩ! የናንተን አይደለም፣ የኔን ግራ!"

እናትየዋ ከመኪናዋ ጥግ፣ ጥላው ውስጥ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ሲያዩ ቆዩና፣

"ልጄ፣ ይሄን ነገር መልሰው" አሉ።

"እማዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ እረፊ። ላንቺ ብዬ እኮ ነው።"

"ለኔ? እኔ መቼ ጠየቅኩህ?"

"ስታይው ትወጂዋለሽ።"

ክቡርነታቸው አሰቡ። ሲያስቡ ከንፈራቸውን ያሾላሉ፤ ለሃያ ሁለት ዓመት ስብሰባ ላይ የለመዱት ነው። በመጨረሻ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

"በመስኮቱ ይግባ! የኋላውን መስኮት ንቀሉት! እንዴ፣ እኔ ባልኖር ምን ልትሆኑ ነው?"

ኤሌክትሪሻኑ መስኮቱን ከማጠፊያው አውጥቶ ውጭ ግንቡ ላይ አስደገፈው። ቴሌቪዥኑ ፖስታ ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ ደብዳቤ በጠፍጣፋው ተንሸራትቶ ገባና በአሮጊቷ አልጋ ላይ ተንጋለለ።

ከዚያ ኤሌክትሪሻኑ ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ እያንኳኳ ዞረ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ከኮምፔርሳቶው ጀርባ የብረት አጥንት አለ። አጥንት ያለበት ቦታ ድምፁ ደረቅ ነው፤ የሌለበት እንደ ባዶ ጣሳ ያስተጋባል። በግራ በኩል ማድቤት፣ በቀኝ ቁም ሳጥንና ሽንት ቤት ስለሆነ ክፍት ግድግዳ የለም። ሠላሳ አምስት ኪሎ የሚሸከም አጥንት ያለው በኋላው መስኮት ዙሪያ ብቻ ነው። ስህተቱ ይህን ጮክ ብሎ መናገሩ ነበር።

"እንግዲያው እዚያው ስቀለው" አሉ ክቡርነታቸው፣ በሩ ላይ ቆመው።

"ጌታዬ፣ መስኮቱን እኮ ይሸፍነዋል።"

"ይሸፍነው።"

"ይሄ ተራ መስኮት አይደለም። የአደጋ መውጫ ነው፤ ቀዩን እጀታ ይመልከቱት። የማድቤቱ ጋዝ ያለው በሩ አጠገብ ነው። እሳት ቢነሣ ወደ በሩ መሄድ አይቻልም። እናትዎ የሚወጡበት ሌላ መንገድ የላቸውም።"

"ለምን ይነሣል? ሟርተኛ ነህ እንዴ?"

"አይነሣም ይሆናል። ቢነሣ ነው የምልዎት።"

"ቢ... ቢ... ቢ! ስሠራ የኖርኩት እንዳንተ ካሉ ቢቢዎች ጋር ነው። አንድም ቀን ሥራ አላሠሩኝም።"

"እናትዎ ደግሞ መስኮቱን ይወዱታል።"

ክቡርነታቸው እዚህ ላይ ፈገግ አሉ። ለደካማ ተማሪ እንደሚያስረዳ መምህር ድምፃቸውን አለዘቡ። "ስማ። በዚህ መስኮት የምታየው ምንድን ነው? አቧራ። መንገድ። የሰው ቆሻሻ። በዚህኛው ግን ተራራ ታያለች፤ ባሕር ታያለች፤ ዓሣው ከነቅርፊቱ ይቆጠራል! ጥራቱ ከመስኮቱ ይበልጣል እኮ።"

ዓለምን ላሳያት ብሎ የእናቱን ቤት የሸጠ ሰው፣ ዓለም የሚታይበትን ቀዳዳ ዓለም በሚያሳይ ሣጥን ሊደፍን ነው። ይህን በአደባባይ ተናግሮ የማያፍር አፍ ያለው፣ ስድስት ፎቅ ላይ ለብዙ ዘመን ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነው።

ኤሌክትሪሻኑ "እኔ አልችልም" አለ። ቃሉ ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው። ክቡርነታቸው ስልካቸውን አወጡና ወደ ግቢው ወረዱ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የኤሌክትሪሻኑ ስልክ ጮኸ። የጋራዡ ባለቤት ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ የእህቱ ባል ነው።

"ምንድን ነው የምሰማው?"

"የአደጋ መውጫውን ድፈን እያሉኝ ነው።"

"መኪናው የማን ነው?"

"የሳቸው። እናታቸው ግን..."

"ታዲያ አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ? ስማኝ ወንድሜ። ወንድሜ የምልህ ለእህትህ ብዬ ነው። ከፋብሪካው የተባረርከው በአፍህ ነው። ከኔም ጋር በአፍህ እንዳትለያይ። ስቀልላቸው፤ ቅጹ ላይ ፈርም፤ ጨርሰህ ወደ ቤትህ ሂድ።"

"ቅጹ ላይ እኮ 'የአደጋ መውጫው ክፍት መሆኑን አረጋግጫለሁ' የሚል አለ።"

"ማንበብ እንደምትችል አውቃለሁ። ፈርም ነው ያልኩህ።"

ስልኩ ተዘጋ። ኤሌክትሪሻኑ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። በዚህ ዕድሜ ሥራ ፈላጊ ሆኖ የሰው ደጅ መቆም ምን እንደሆነ ስምንት ወር ሙሉ አይቶታል፤ ከእህቱ ባል ሌላ "ና" ያለውም አልነበረም። ጥርሱን ነክሶ እርሳስና ሜትር አወጣ። በመስኮቱ ዙሪያ አራት ነጥብ አደረገ። መሰርሰሪያውን ለማምጣት ሲወርድ በያጁ ብየዳውን አቁሞ ጠበቀው።

"እሺ፣ ምን ተባለ?"

"ዓለምን ሊያዩ ነው" አለ ኤሌክትሪሻኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መጀመሪያ ግን መስኮቱ ይደፈን ተብሏል። ቀጥሎ የሾፌሩን መስታወት ነው የምናነሣው፤ እዚያም ላይ አንድ አርባ ኢንች ሰቅለን መንገዱን በፊልም ያዩታል።"

በያጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ፍሬኑንስ?"

"ፍሬኑ ሪሞት ነው!"

ሁለቱም ሳቁ። ኤሌክትሪሻኑ በዚህ ዘዴ ነው የኖረው፤ ፊት ለፊት "እሺ ጌታዬ"፣ ከጀርባ ቀልድ። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግቢው ሁሉ ይደግምለታል። በቀልዱም የተነሣ ራሱን ከሚያሾፍባቸው ሰዎች አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። ነገር ግን ቢጠየቅ፣ በቀልዱ ያስቀረው አንድም የሞኝ ሥራ የለም። ሞኙ ያዛል፣ ብልሁ ይስቃል፣ ሥራው እንደ ሞኙ ቃል ይፈጸማል። እንዲህ ዓይነት ብልህ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል፤ ክቡርነታቸውን ሃያ ሁለት ዓመት ወንበራቸው ላይ ያቆዩአቸውም ጠላቶቻቸው አይደሉም፤ ኮሪደር ላይ ሲስቁባቸው የዋሉት ናቸው።

መሰርሰሪያውን ይዞ ሲመለስ አሮጊቷ ደረጃውን እየወጡ አገኛቸው። ደረጃው ሦስት ነው። አንዱን ለመውጣት ከዘራቸውን ያስቀድማሉ፣ ደኅናውን እግር ያስከትላሉ፣ ከዚያ ያልታደለውን ይጎትታሉ። ሊደግፋቸው እጁን ቢሰጥ "ተወኝ" አሉት። አልጋቸው ጋ ደርሰው ቆሙ። ቴሌቪዥኑ እንደ ሬሳ ተጋድሞበታል።

"ጋደም ልል ነበር" አሉ። "ለካ ተይዟል።"

"ይቅርታ እማማ። አሁን ስሰቅለው ይለቀቃል።"

"የት ነው የምትሰቅለው?"

አራቱን የእርሳስ ነጥቦች በጣቱ አሳያቸው። አሮጊቷ አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

"መስኮቱስ?"

"ከጀርባው ይሆናል።"

"ከጀርባው።" ቃሉን እንደሚቀምሱት ሁሉ ቀስ ብለው ደገሙት። "ሰው እንዲህ አይደል የሚለው? ከጀርባው ይኖራል፣ አይታይም እንጂ አልጠፋም። ልጄ በልጅነቱ የትምህርት ቤት ካርዱን እንዲህ አድርጎ ነበር የሚደብቀኝ፣ የወደቀበትን።"

"እኔ የታዘዝኩትን ነው እማማ። ልጅዎን ያናግሯቸው።"

"ልጄንማ አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የወለድኩት። እዚያ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ካንተ በፊት አውቃለሁ።" ከዘራቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደገፉ። "ቅድም ከበያጁ ጋር ስትስቁበት ሰማኋችሁ። ጆሮዬ ገና አልደከመም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የበላሁት በጆሮዬ ነው። ፍሬኑ ሪሞት ነው አልክ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ።"

ኤሌክትሪሻኑ ፊቱ ጋለ። "እማማ፣ እኔ እንኳ..."

"አትደንግጥ፣ አልነግርብህም። አንድ ነገር ግን ንገረኝ። እሱ አያውቅም፤ ጅል ነው እንበል። አንተ ታውቃለህ። ታዲያ መሰርሰሪያውን የያዘው ማን ነው?"

ኤሌክትሪሻኑ እጁን አየ። ቀልድ ፈለገ፤ እንደ ሁልጊዜው ከምላሱ ሥር ይገኛል ብሎ ፈለገ፤ የለም። "እንጀራዬ ነው እማማ" ሊል ነበር፤ እሱንም ሳይለው ዋጠው። እንጀራ ስንቱን ነውር ሲሸፍን እንደኖረ እሱው ራሱ በሌሎች ላይ ብዙ ጊዜ ያሾፈበት ነገር ነው።

መስኮት በተነቀለበት ክፍተት ነፋስ ይገባል። ከውጭ የሚታየው ነገር ምንም የሚያምር አይደለም፤ የተቆለለ ያረጀ ጎማ፣ የግቢው ግንብ፣ ከግንቡ በላይ የሆነ ሰው ያሰጣው አንሶላ። አንሶላው በነፋስ ይነፋና ይረግባል። አሮጊቷ እሱን ነበር የሚያዩት። የኤሌክትሪሻኑን መልስ እየጠበቁ አልነበረም፤ ለምነውትም አልነበረም። ዝም ብለው አንሶላ ያያሉ።

ኤሌክትሪሻኑ መሰርሰሪያውን ሣጥኑ ውስጥ መለሰና ክዳኑን ዘጋ። ከዚያ አጎንብሶ ቴሌቪዥኑን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከአልጋው ላይ አነሣና አንዱን ጫፍ የመስኮቱ ክፈፍ ላይ አሳረፈ።

ክቡርነታቸው ከመስኮቱ ሥር ቆመው በስልክ ያወራሉ። ድምፃቸው ጮክ ያለው ከወዲያ ያለው ምክትላቸው የነበረው ሰው ስለሆነ ነው።

"ሰባ አምስት! አዎ፣ ሰባ አምስት ነው ያልኩህ! ያንተማ የልጆች ነው። ተሰቅሎ አልቋል፤ ና እና እየው!"

"ጌታዬ" አለ ኤሌክትሪሻኑ ከላይ። "ይቀበሉኝ።"

"ምኑን?"

"ቴሌቪዥኑን። እየወጣ ነው።"

ክቡርነታቸው ቀና ሲሉ ጥቁሩ መስታወት ከራሳቸው በላይ ግማሽ ሜትር ወጥቷል፤ አሁንም እየመጣ ነው።

"አብደሃል? መልሰው! መልሰህ አስገባው እልሃለሁ!"

"አይመለስም። ይያዙት፤ ከባድ ነው።"

ሰውየው ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መሀል አጣብቀው ከሥር ደገፉት።  ከስልኩ "ሃሎ? ሃሎ? ምን ሆንክ?" የሚል ድምፅ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወታቸው የገዙትን ነገር ክብደት አወቁት። በያጁ ሮጦ መጥቶ በሌላ በኩል ያዘላቸው፤ ሳቁን ለማፈን ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሯል።

"ሥራህን ታጣታለህ!" አሉ ክቡርነታቸው፤ ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። "ዛሬውኑ! ነገ ሌላ ሰው አመጣለሁ! ሰው የጠፋ መሰለህ?"

"ሰውማ ሞልቷል" አለ ኤሌክትሪሻኑ። "ያምጡ።"

እውነቱን ነው፤ ሞልቷል። ነገ አንዱ ይመጣል፣ ግድግዳውን ያንኳኳል፣ አጥንቱን ያገኛል፣ "እሺ ጌታዬ" ይላል። ይህን ያውቃል። ቢሆንም የመጨረሻውን ጫፍ ገፍቶ ለቀቀ።

ዞር ሲል አሮጊቷ አልጋው ላይ ወጥተዋል፤ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። እግራቸውን ዘርግተው፣ ራሳቸውን በመስኮቱ በኩል አድርገው ተጋድመዋል።

"ሌላው ሰው ሲመጣ እዚሁ ተኝቼ ያገኘኛል" አሉ። "ከነአልጋው ይሰቅለኝ እንደሆን አያለሁ።"

ከውጭ "እማዬ! አንቺም ከሱ ጋር አበርሽ?" የሚል ጩኸት መጣ። 

ኤሌክትሪሻኑ መስኮቱን ከግቢው አምጥቶ ማጠፊያው ላይ መለሰው። ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ አጠበቀ። እንደ ደንቡ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል። የመሣሪያ ሣጥኑን አነሣ፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

"እማማ፣ ይሄን መስኮት መክፈት ያሳየዎት ሰው አለ?"

"ማን ያሳየኛል?"

"ይነሡ እስቲ። ቀዩን እጀታ ይያዙት። ወደ ላይ ያድርጉት፤ ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ያሰማል፣ አይፍሩ። ከዚያ መስኮቱን በመዳፍዎ ይግፉት።"

አሮጊቷ በክርናቸው ተደግፈው ተነሡ። እጀታው ጠንካራ ነው። አንድ ጊዜ ሞከሩ፣ አልሆነም። እሱ መዳፉን በመዳፋቸው ላይ አድርጎ አብሮ ገፋ፤ ቀጭ አለና መስኮቱ ወደ ውጭ ተከፈተ። ነፋሱ ገባ።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የእህቱ ባል እንደሆነ ሳያየው ያውቃል። ጮኸ፣ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ።

"አታነሣውም?" አሉ አሮጊቷ።

"ይጩህ" አለ። መስኮቱን ስቦ ዘጋው፤ እጀታውንም ወደ ቦታው መለሰ። "አሁን ደግሞ ብቻዎን ይክፈቱት።"